የቁምሳጥን ወጥመድ

ስሙን ያወጡለት የዕቃ ጫኝ ጓደኞቹ ናቸው። ገና ልጅ እግር ሳለ፣ ቦክስ የሚባል ሥራ መኖሩንም በቅጡ ሳያውቅ፣ አንድ ቁምሳጥን ከነመስታወቱ ብቻውን አዝሎ ደረጃ ሲወጣ አዩትና ቁምሳጥን ብለው ጠሩት፤ በዚያው ቀረ። በኋላ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ሆኖ ሰው በዝረራ መጣል ሲጀምር አስተዋዋቂዎቹ የሚያስፈራ ስም ሊሰጡት ያልሞከሩት የለም። መብረቅ አሉት፣ ነብር አሉት፣ ሕዝቡ አልተቀበላቸውም። እውነትም ሪንግ ውስጥ ቆሞ ላየው ሰው ከቤት ዕቃ የሚለየው መማታቱ ብቻ ነበር።

አሁን ዕድሜው ለቦክሰኛ ገፍቷል። የሻምፒዮናው ቀበቶ ሁለቴ ከአፍንጫው ሥር አምልጦታል፤ ሁለቱንም ጊዜ በነጥብ። ዘንድሮ ግን ማንም ሳይጠብቀው ከወጣቱ ሻምፒዮን ጋር እንዲገጥም ቀን ተቆረጠለት። ይህች ካመለጠችው ሌላ አትመጣም። ይህን እሱም ያውቃል፣ አሰልጣኙም ያውቃል፣ መንገድ ላይ "አይዞህ ቁምሳጥን!" እያለ የሚያልፈው ሁሉ ያውቃል።

ቁምሳጥን ደግሞ ሰው የሚከዳህ እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ባይ ነው። ምልክቱንም አይቷል። መጀመሪያ የጥርስ መከላከያው ቦታ መቀያየር ጀመረ። ሁልጊዜ በቦርሳው የጎን ኪስ የሚያኖረው ነገር አንድ ቀን ጫማው ውስጥ፣ ሌላ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ተገኘ። ፍሪጅ ውስጥ! የጥርስ መከላከያ በእግሩ ሄዶ ፍሪጅ አይከፍትም፤ ያስገባው እጅ አለ። ከዚያ ደግሞ ጂም ሲገባ ወሬ ድንገት ይቋረጥ ጀመር። የልምምድ አጋሩ፣ ከአፉ ቃል ስለማይወጣ ዝምተኛው የሚሉት ጎልማሳ፣ ጭንቅላቱ ላይ መምታት ተወ። ሆዱን ይመታል፣ ክንዱን ይመታል፣ ወደ ጭንቅላቱ ሲመጣ ግን ቡጢው ሕፃን የሚያባብል ይመስል ይለሰልሳል። ለትልቅ ግጥሚያ የሚዘጋጅን ሰው እንዲህ አለስልሶ የሚያሰለጥነው ምን ዓይነት ወዳጅ ነው?

ታላቅ እህቱስ ብትሆን? እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ልብሱን የምታጥበው፣ ምግቡን የምታበስለው፣ ቤቱን የያዘችለት እሷ ናት። እሷም ሰሞኑን የጋዝ ምድጃውን ማዞሪያዎች ነቅላ በኪሷ ይዛ መዞር ጀምራለች። ለምን ቢላት "ላጸዳቸው ነው" አለችው። ማዞሪያ ለማጽዳት ይህን ያህል ጊዜ ከፈጀባት እንግዲህ ቤቱን አጽድታ እስክትጨርስ ሁለቱም ያረጃሉ ማለት ነው።

ነገሩን የጨረሰው ግን የጋዜጣዊ መግለጫው ቀን ነው። ወጣቱ ሻምፒዮን ማይክሮፎኑን ይዞ ፈገግ አለና "ቁምሳጥን በመጀመሪያው ዙር ዝቅ ብሎ ሆዴን ሊፈልግ ነው አሉ። ይምጣ፣ እቤት አለሁ" አለ። አዳራሹ ሳቀ። ቁምሳጥን ግን ላብ አጠመቀው። ያ ዕቅድ እሱና አሰልጣኙ በር ዘግተው የመከሩት ነው። በር ዘግተው!

እንግዲህ የሚጠጉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አሰልጣኙ፣ ዝምተኛውና እህቱ። አንዱ ሸጦታል። ማን?

ፂሙን ሲላጭ መላው መጣለት። ለአንዱ ትከሻዬን፣ ለአንዱ ጉልበቴን፣ ለአንዱ ጎኔን አሞኛል እላለሁ፤ ከተጋጣሚዬ ጆሮ የደረሰው የትኛው እንደሆነ ስሰማ ከማን አፍ እንደወጣ አውቃለሁ አለ። ራሱን በመስታወት እያየ አደነቀ። ጡንቻ እንጂ ጭንቅላት አልሰጠውም ብለው የሚያሙት ሁሉ ይህን ባዩ! ልጻፈው ብሎ ብዕር አንስቶ ነበር፤ ግን የተጻፈ ነገር ይገኛል፣ ይነበባል። ስለዚህ እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ቆለፈበት።

ነገራቸውም። እህቱ ልብስ ማጠፏን አቁማ ትክ ብላ አየችው። አሰልጣኙ "እሺ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ዝምተኛው "እሺ" እንኳን አላለም። ቁምሳጥን ሦስቱንም ፊት በየተራ መረመረ፤ ሦስቱም የጥፋተኛ ፊት ሆኑበት።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ወጣ። አንድ ጠዋት ቁርሱን እየበላ የስፖርት ዝግጅት ሲያዳምጥ የሻምፒዮኑ ድምፅ መጣ፤ "ጉልበቱን እያመመው ነው ብለውኛል። እኔም ጥሩ አድርጌ አስሮጠዋለሁ።" ቁምሳጥን ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ጉልበት! ያዝኩት! ልቡ በደስታ ዘለለ፤ በሕይወቱ በዝረራ ያሸነፈ ቀን እንኳን እንዲህ አልዘለለም። እንግዲህ ጉልበቴን ብዬ የነገርኩት...

ለማን ነበር?

አፉን እንደከፈተ ቀረ። ለአሰልጣኙ? ለዝምተኛው? በገዛ ክፍሉ በጨለማ የመብራት ማብሪያውን ሲፈልግ ግድግዳው ልሙጥ የሆነበት ሰው መሰለ። ዳሰሰ፣ እንደገና ዳሰሰ፣ የለም። ወጥመዱ አውሬውን ይዟል፤ አጥማጁ ግን የት እንዳጠመደው ጠፍቶበታል። ማንንም ቢጠይቅ ደግሞ ራሱን ማጋለጡ ነው። በዚህ ሲብሰለሰል ጠዋቱ እንዴት እንዳለፈ ሳያውቀው አለፈ።

ከሰዓት በኋላ እህቱ ጋ ወደ ወጥ ቤት ገባ። በብልሃት ላወጣጣት ብሎ ቆርጧል።

"ከልምምድ መጣህ? ምሳህን ላቅርብ?" አለችው።

ዛሬ ልምምድ አልሄድኩም፤ ይህቺ ደግሞ ወሬ ማስቀየሯ ነው ብሎ በልቡ ያዘባት።

"እትዬ፣ ያን ስለ ጤናዬ የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ?"

"የቱን?"

"ያን ነዋ። የሚያመኝን።"

"ጉልበትህን?"

ቁምሳጥን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ ሳህኖቹ ዘለሉ። "ያዝኩሽ! አንቺ ነሻ! የእናቴ ልጅ!"

እህቱ አልደነገጠችም። እሱን ይበልጥ ያናደደው ይሄ ነው። እጇን በፎጣ አደራረቀችና ቁጭ አለች።

"ማን ማንን ያዘ? ጉልበቴን ብለህ ነገርከኝ። በማግስቱም እንደ አዲስ ነገርከኝ። ለጋሼም፣ ለአሰልጣኝህ፣ እዚህ ሳሎን ሻይ ሳቀርብላችሁ ጉልበቴን አልከው።"

"ለእሱ ትከሻዬን ነው ያልኩት!"

"ትከሻ የሚባል ከአፍህ አልወጣም። ለሬዲዮው ጋዜጠኛም ራስህ ነህ የነገርከው፤ በረንዳ ላይ ቆመህ በስልክ። ጉልበቴ አስቸግሮኛል፣ ለማንም እንዳትናገር አልከው። ለጋዜጠኛ! ያን የመጀመሪያውን ዙር ዕቅድም እንዲሁ ለእሱ ነው ያጫወትከው።"

"ውሸት! እንዲያ ከሆነ ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር። ጮህክብኝ፣ በሩን በኃይል ዘግተህ ወጣህ። ተመልሰህ ስትመጣ 'እትዬ፣ ምነው ስታለቅሺ ነበር እንዴ?' ብለህ ጠየቅኸኝ።" የምድጃውን ማዞሪያዎች ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። "እነዚህን የነቀልኩትም እኮ ጋዙን ከፍተህ ሳትለኩሰው ወጥተህ ነው። የከዳሁህ አስመስለህ አትየኝ፤ እኔ ያቃተኝ አንተን መንገር ነው።"

ቁምሳጥን አላመናትም። እንዴት ይመን? ጃኬቱን አንጠልጥሎ በጥድፊያ ወጣ። ጂሙ ከጎሚስታው በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጎማ ጎማ ይሸታል። ሲገባ አሰልጣኙ ጓንት ይሰፋል፣ ዝምተኛው መሬቱን ይወለውላል። ወሬ ያልነበረ ቢሆንም ያቋረጡ መሰለው። አሰልጣኙን ወደ ጥግ ጠርቶ ጠየቀው፤ "ጉልበትህን ነው ያልከኝ" አለው። ዝምተኛውን ወደ ሌላ ጥግ ጠርቶ ጠየቀው፤ እሱም በተራው "ጉልበት" አለ።

አሃ! አለ ቁምሳጥን በሆዱ። ሦስቱም አንድ ቃል ከተናገሩ መክረውበታል ማለት ነው። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር። ደሙ ፈላ። ሪንጉ ላይ ወጣና ዝምተኛውን ጠራው፤

"ና ውጣ! ና ጭንቅላቴን ምታኝ!"

ዝምተኛው መወልወያውን እንደያዘ ቀረ። "አልመታም።"

"ምን ያህል ሰጡህ? ማን ከለከለህ? ተናገር!"

ዝምተኛው ወደ አሰልጣኙ አየ፤ አሰልጣኙ ጓንቱ ላይ አቀረቀረ። የዚያ ቁጥብ ሰው አንደበት ያን ጊዜ ተፈታ።

"ወንድሜ፣ ይሄን ጠዋትም ጠይቀኸኝ ነበር።"

"ጠዋት እዚህ አልመጣሁም!"

"ፋሻህ ያውና።"

እጁ ላይ የሚጠመጥመው ፋሻ እንዲደርቅ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል። የእሱ ነው፤ እንዲያ የሚረዝም ፋሻ በጂሙ ውስጥ የማንም አይደለም። ወርዶ ነካው፣ እርጥብ ነው። ውሃ ነክረውት ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። አሸተተው፤ ላብ ነው። የሌላ ሰው ላብ ሊሆን ይችላል ብሎም አሰበ፤ የተጠራጠረ ሰው መቼም ምክንያት አያጣም። ሊጠጋቸው በቁጣ ሁለት ክንዶቹን ሲያነሣ ግን ሕመሙን አገኘው። ከአንጓው እስከ ትከሻው ድረስ ያ የሚያውቀው ዝለት፣ የተንጠለጠለውን ጆንያ ደህና አድርጎ ሲደበድብ ያረፈደ ሰው ዝለት፣ ክንዱ ውስጥ አለ። ፋሻ መንከር ይቻላል። የእሱን ክንድ ግን ማን ገብቶ ሊያደክምለት ይችላል?

ሪንጉ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ፈራ። ብዙ ሰው ገጥሟል፣ ደም ተፍቷል፣ እንዲህ ግን ፈርቶ አያውቅም።

"ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አለ አሰልጣኙ፣ ቀና ሳይል።

"ጭንቅላቱን አትምታው ያልከውም አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እሺ፣ ያ ጎረምሳ ሻምፒዮንስ? በግጥሚያው ዕለት እሱንም ጭንቅላቱን አደራ ልትለው ነበር?"

አሰልጣኙ መርፌውን ጓንቱ ላይ ሰክቶ ተወው። ሽማግሌው ዓይኑ እንባ አቀረረ። "አንዲት ጨዋታ ናት አልኩ። ያንተም የኔም ዕድሜ ያለቀው ለዚች ነው። አንድ ጊዜ ቀበቶውን ወገብህ ላይ አይቼ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ አልኩ።"

ቁምሳጥን ሊመታው ፈለገ፣ ሊያቅፈውም ፈለገ፤ ሁለቱንም አላደረገም። ስንት ነገር ሲጠረጥራቸው ከርሟል፤ ሸጡኝ፣ ሰረቁኝ፣ ሰለሉኝ ብሏል። እያወቁ ዝም ይሉኛል ብሎ ግን አንድም ቀን አልጠረጠረም።

"ነገ ለግጥሚያው ፈቃድ ሐኪሟ ጋ ነን" አለ አሰልጣኙ ቀስ ብሎ። "የምትጠይቅህን አውቀዋለሁ። ከፈለግህ እናጠናዋለን።"

ቁምሳጥንም አጠና። ለምን ይዋሻል፣ ቀበቶውን ይፈልገዋል፤ አሁንም፣ ይህን ሁሉ ሰምቶም ይፈልገዋል። ቀኑን፣ ወሩን፣ የመጨረሻ ተጋጣሚውን፣ ያሸነፈበትን ዙር እየደጋገመ ሸመደደ። በማግስቱ እህቱና አሰልጣኙ ክሊኒኩ ኮሪደር አግዳሚ ላይ፣ በመካከላቸው ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትተው ተቀመጡ። እሱ ገባ።

ሐኪሟ ጣቷን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰች፤ ዓይኑ ተከተላት። በአንድ እግር አቆመችው፤ ቆመ። ቀኑን ጠየቀችው፤ መለሰ። ወሩን፣ ተጋጣሚውን፣ ዙሩን፤ ሁሉንም መለሰ፤ እንደ ጎበዝ ተማሪ አንድም አልሳተም።

"በጣም ጥሩ" አለች ብዕሯን እያነሣች። "ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?"

ለሁሉም የምትጠይቀው ጥያቄ ነው፤ መልሱን ሳትጠብቅ ልትፈርም አቀርቅራለች። ከበሩ ውጭ አሰልጣኙ ሲስል ተሰማ። ቁምሳጥን የብዕሩን ጫፍ አየ። ከዚያ ወዲያ ቀበቶው ነው። ያ ሁሉ ሩጫ፣ ያ ሁሉ ላብ፣ መንገድ ላይ አይዞህ የሚለው ሰው ሁሉ ከዚያች ፊርማ ወዲያ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጭንቅላቱን የማይምረው ጎረምሳም አብሯቸው ቆሟል።

"እረሳለሁ" አለ።

ብዕሩ ቆመ። "ምን ምን ይረሳሉ?"

"እሱን ባስታውስማ ምን ቸገረኝ።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ሊመልስ አፉን ከፈተ። ዘንድሮ የጀመረው ይመስለዋል፤ ግን በራሱ ቃል እምነት አጥቷል። ተነሥቶ በሩን ከፈተ። አሰልጣኙ እመር ብሎ ቆመ፤ "ፈረመች?"

"ጋሼ፣ አንተ ተቀመጥ" አለው፤ ቁጣ አልነበረበትም። "እትዬ፣ አንቺ ነይ።"

እህቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ገባች። የራሱን ወንበር ሰጣትና ከአጠገቧ ቆመ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ትለኛለች። እኔ አላውቀውም። ንገሪያት፤ የምትይውን አምናለሁ።"

እህቱ ወደ ሐኪሟ ሳይሆን ወደ እሱ አየች፤ ይጮህብኛል ብላ እየጠበቀች። አልጮኸም።

"ቆየ እኮ" አለች። "ዓመታት አለፉት።"

ቁምሳጥን ደነገጠ። እሱ የዘንድሮ መስሎት ነበር። እጁን የእህቱ ትከሻ ላይ አሳረፈ፤ ቀስ ብሎ፣ እንዳይከብዳት እየተጠነቀቀ።

"ቀጥይ" አላት።