ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዝም የሚለው ሬዲዮ

ሰይዶ ወልቂጤ ውስጥ ሃያ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. አንድ ድርጅት ለገጠር ትምህርት ቤቶች የትምህርት ሬዲዮ ሲያድል፣ የተበላሸውን እንዲያይና የብልሽቱን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥ የተዋዋለው ከእሱ ጋር ነበር።

መጀመሪያ የመጣችው ወይንሸት የምትባል የቸሃ ወረዳ መምህርት ናት። ሬዲዮኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ፣ "አንደኛውን ክፍለ ጊዜ ደህና ይናገራል፤ ሁለተኛው ላይ ዝም ይላል" አለችው። ሰይዶ ከፍቶ ሞከረው፤ ሠራ። ጥግ ላይ የውኃ ምልክት የመሰለ ነገር አየ። ጠብታ እንዳልነካው ብትምልለትም ሥራ በዝቶበት ነበርና "በአያያዝ ጉድለት ውኃ ገብቶበታል" ብሎ ጽፎ ፈረመ።

በሁለት ወር ውስጥ በዚያው ብልሽት ሌላ አሥራ አንድ ሬዲዮ መጣለት። ያኔ ነገሯ ትዝ አለው። አንዱን ክፍቱን አስጀምሮ ጠበቀ። አርባ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ጸጥ አለ። አይሲ የሚባለውን ትልቁን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል በአልኮል በራሰ ጥጥ ሲያቀዘቅዘው ተናገረ፤ ከጎረቤት ፀጉር ቤት በተዋሰው ማድረቂያ ሲያሞቀው እንደገና ዝም። አይሲውን ነቅሎ ከአሮጌ ሬዲዮ ያወጣውን ተመሳሳዩን ሲተካበት ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ዋለ። በተበላሹት ሬዲዮዎች አይሲዎች ሁሉ ጀርባ የታተመው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት ነበር። ገና ፋብሪካ ሲሠሩ ውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ በደንብ አልተያያዘም፤ ሲሞቅ ይላቀቃል።

ይህንኑ ጽፎ ለድርጅቱ ኃላፊ ለአቶ ኃይሌ ወሰደ። አቶ ኃይሌ አንብበው ሲጨርሱ ግዢው እንደተዘጋ፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ መሠረት የተጻፈው ሪፖርትም ወደ በላይ አለቆች እንደሄደ ነገሩት። ከዚያ ሬዲዮ የተበላሸባቸውን መምህራን ፋይሎች አሳዩት። የመጀመሪያ ደብዳቤው ፎቶኮፒ ከእያንዳንዱ ጋር ተያይዟል።

"እኛ ይኸኛው ይበቃናል" አሉት።

ቸሃ ሄዶ ወይንሸትን ፈለጋት። በዚያ ደብዳቤ ሰበብ ከማስተማር ተነስታ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድባ ነበር። ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ ነግሮ አዲሱን ወረቀት ሰጣት። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"ይኼንንማ እኔም አውቀዋለሁ" አለች። "የማያውቁት እነሱ ናቸው። እርስዎ ለእነሱ የጻፉላቸው ደግሞ ያኛውን ነው።"

ይቅርታ ጠየቃት። ወረቀቱን መለሰችለትና ጠመኔ ሊወስዱ የመጡትን መምህራን ልታስተናግድ ገባች።

ሰይዶ በማግስቱ ውሉን አፈረሰ። ድርጅቱ ሌላ ጠጋኝ አልፈለገም፤ ሬዲዮ በተበላሸ ቁጥር የእሱ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ እየተባዛ ይያያዝ ነበር።