እንደ ጋን የታጠነ ጫማ

የልጄ የሰውነት ካልሲ መልኩን መቀየሩን ያየሁት ጫማውን ካወለቀ በኋላ ነው። ጠዋት ከደብረ ታቦር ስንነሣ ነጭ ነበር፤ በራሴ እጅ ከማሸጊያው አውጥቼ ነው የሰጠሁት። አሁን ሐሙሲት ላይ፣ ሊያገባት ባሰባት ልጅ አባት ደጃፍ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የተቆላ ገብስ መስሏል። ልጄ አላየውም። ጎንበስ ብሎ ለአቶ ፋንታው እጅ እየነሣ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አስገባ።

ከበሩ ውጭ የጫማ መደርደሪያ ቆሟል። ማንም ጫማ አድርጎ አይገባም። ደንቡን ያወጣችው ፍቅርተ ናት፣ ምራቴ ትሆናለች ያልኳት ልጅ። ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ለእናት ለአባቷ የወተት መልክ ያለው ስጋጃ አምጥታ ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አልብሳዋለች።

ለዚያች ቀን ያላሰብኩት ክፉ ነገር አልነበረም። ሚኒባሱ ሲገለበጥ አስቤያለሁ። አቶ ፋንታው ሐሳባቸውን ሲለውጡ አስቤያለሁ። ባለቤቴን ሙላቴን ምሳ ላይ አጥንት ሲያንቀው አስቤያለሁ። ጫማ አውልቁ ስንባል ግን አላሰብኩም። በእኛ ዘንድ ጫማ የሚወለቀው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ነው፤ እዚያ ደግሞ የማዕጠንቱ ጢስ የሰውን ገመና ይሸፍናል።

ሰውነት አንድ ልጄ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የመንግሥት ሥራ አለው፤ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሰው አያማም። ጠላቱ እግሩ ነው። ደብረ ታቦር ሰው በቀትር ጋቢ በሚለብስበት ብርድ የእሱ እግር ብቻ መተማ የሚኖር ይመስል ያልበዋል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ባልደረቦቹ ገና ሲገባ መስኮት ይከፍታሉ፤ እሱ ንጹሕ አየር ወዳዶች ይመስሉታል። ከዚህ በፊት ያጨንለትን ልጅ ይዞ ባሕር ዳር ሲሄድ ዝናብ ጣለና የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ተዘጋ። ልጅቱ ወረታ ላይ አክስቴን ልጠይቅ ብላ ወረደች፤ በዚያው ቀረች። ወረታ አክስት እንደሌላት የሰማነው በኋላ ነው።

ከፍቅርተ ጋር የተግባቡት ግን ሜዳ ላይ ነው። ደብረ ታቦር ካለው የልብስ ሱቋ ስትወጣ ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው አቀበት ሽቅብ ይሄዳሉ፤ እዚያ ነፋስ አይጠፋም። እኔ እንኳ ነፋሱ ከላክናቸው ሽማግሌዎች ይበልጥ ሠርቷል እል ነበር። ሽማግሌዎቹ እሺታውን ይዘው ከተመለሱ ወዲህ የቀረው አንድ ምሳ ነው፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ሊተያይ፣ በአንድ ክፍል፣ በር ተዘግቶ።

እንቅልፍ አጣሁ። ሸብ አስፈጭቼ ጫማው ውስጥ ነሰነስኩ። እግሩን በጨው ውኃ ዘፈዘፍኩ፣ በሎሚ አሸሁ። ጎረቤቴ አልማዝ ከፋርማሲ ዱቄት ገዝታ አመጣችልኝ፤ ዱቄቱ በላቡ ቦክቶ ማታ ከጣቶቹ መሃል ሊጥ ሆኖ ተገኘ። ሙላቴ ወንድ ልጅ ጥቂት ቢሸት ምን አለበት ብሎ ቴሌቪዥኑን ማየቱን ቀጠለ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ጋን ሳጥብ መላው መጣልኝ። ጠላ ሆምጥጦበት የከረመ ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ፣ ታጥቦ፣ በሚጨስ ወይራ ላይ ሲደፋ ክፉ ሽታው ሁሉ ይለቀዋል። ጋን ያጠራ ጢስ ጫማ ያቅተዋል? እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ፤ ነገሩ ከሳይንስ ጋር አልተጣላብኝም። ጫማውን ውስጡን በግራዋ አሽቼ፣ አድርቄ፣ ወይራው ላይ ደፋሁት። አንድ ጊዜ በቂ ነበር። እኔ ግን በቂ በሚባል ነገር አላምንም፤ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። የእግር ሽታ ድራሹ ጠፋ። ጥላሸቱን ልብ አላልኩም።

የሐሙሲት ሙቀት አሳየኝ። ሰውነት ሚኒባስ ውስጥ ሲያልበው ጥላሸቱ ከላቡ ጋር ተቦክቶ ካልሲውን ነከረው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

እናም ልጄ በወተቱ ስጋጃ ላይ ተራመደ። በየእርምጃው ቡናማ ኮቴ ይቀራል። ከኋላው እየተከተልኩ ኮቴውን በእግሬ ለማሸት ሞከርኩ፤ ይብሱን አሰፋሁት። ሙላቴ አውራ ጣቱ ከተቀደደ ካልሲው ብቅ ብሎ ቤቱን እየቃኘለት ምንም ሳያይ አለፈ። ሶፋው ላይ ስንቀመጥ ነጠላዬን እንደ ዋዛ ወለሉ ላይ አንጠለጠልኩና የቅርቡን ኮቴ ሸፈንኩት። የቀሩት እስከ በሩ ተደርድረዋል።

ፍቅርተ ለስላሳ መጠጥ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ገባች። አቶ ፋንታው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊቀመጡ ሲሉ ቆም አሉና አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። አለቀልን አልኩ። ፊታቸው ግን አልተኮሳተረም፤ እንዲያውም በራ።

«አማረች» አሉ ሚስታቸውን፣ «ጋን አጥነሻል?»

ወይዘሮ አማረች በገብርኤል ስም ማለች። ጋን ከዚያ ቤት ከወጣ ከርሟል፤ ፍቅርተ ጠላ ስጋጃ ላይ ይፈሳል ብላ ለጎረቤት ሰጥታዋለች። ከዚያ ወዲህ አቶ ፋንታው የብርቱካን መልክ ያለው ነገር በብርጭቆ ይቀዳላቸዋል።

«እኔን አታታይኝ። ግራዋው ራሱ ይሸተኛል። ይህ ጋን ተጠርጎ፣ ታጥኖ፣ አፉ ገና አልተከደነም።»

ተነሡ። ጓዳውን አዩ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አዩ፣ ከአልጋ ሥር ጎንበስ ብለው አዩ። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ሽታው ወደ ሶፋው ሳባቸውና ልጄ አጠገብ ቁጭ አሉ። ፊታቸውን ወደ ፊቱ አስጠጉ። ብሩህነታቸው ጠፋ።

«ልጄ፣ ጠላ ጠጥተህ ነው የመጣኸው?»

መልሱን ሳይጠብቁ አቶ ፋንታው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሙላቴ ነገሩት፤ ለሰካራም ልጅ የለኝም፣ ያውም ማለዳ ለሚጀምር፣ ያውም ብቻውን ጠጥቶ ለሚመጣ። ከሦስቱ የትኛው ይበልጥ እንዳስቆጣቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል።

እኔ በዚያች ቅጽበት አሰላሁ። ሰካራም ንስሐ ይገባል፤ አባቱ ይገሥጸዋል፣ ይምላል፣ ይተዋል። እግር ግን ምን ብሎ ይምላል? ወረታ ላይ የወረደችው ልጅ በዓይኔ መጣች።

«ትንሽ ቀምሷል» አልኩ።

ሙላቴ ዞሮ እብድ እንደሚያይ አየኝ። ፍቅርተ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሰምታለች።

«ሰውነት አይጠጣም፣ እትዬ ሰብለ» አለችኝ። ይህን እያለች ዓይኗ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከውጭው በር ጀመረች፤ አንዱን ኮቴ፣ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ እስከ ነጠላዬ ድረስ። ነጠላዬን አየች። ከነጠላዬ ወዲያ የልጄን እግር አየች።

ልጄ ተነሥቶ ቆመ። እንዲህ ቆሞ ያየሁት የትምህርት ቤት ሽልማት ሲቀበል ብቻ ነው።

«አልጠጣሁም። እግሬ ይሸታል፤ እናቴ እንደ ጋን አጠነችኝ።»

ዓይኔን ጨፍኜ የመመለሻውን ሚኒባስ ማሰብ ጀመርኩ፤ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ሳይቀር።

«መሽተቱን አውቃለሁ» አለች ፍቅርተ። «ያን አቀበት በየቀኑ ወድጄው የምወጣ መስሎህ ነው?»

ዓይኔን ገለጥኩ። ትሪውን አስቀምጣ በእጇ አፏን ይዛለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ታለቅሳለች ብዬ ልነሣ ስል ሳቋ አመለጣት። ወይዘሮ አማረች ተከተለቻት። አቶ ፋንታው ግን አልሳቁም፤ ጉዳዩ ለእሳቸው የሳቅ አይደለም። አንዱን ጫማ ከደጅ አስመጡ፣ አፍንጫቸውን እስከ ግማሽ ከተቱበት፣ ቆዩ። ከዚያ ለሙላቴ አቀበሉት። ሙላቴም አሽትቶ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ሁለት አባቶች በልጆቻቸው ጋብቻ ላይ ሲመክሩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ወይዘሮ ሰብለወንጌል» አሉኝ አቶ ፋንታው፣ «የሠርጉን ጋን እርስዎ ያጥኑልኝ። ያለዚያ ልጅ የለኝም።»

ፍቅርተ ስለ ስጋጃው ልትናገር ጀምራ አባቷን አይታ ተወችው። የተቋረጠ ንግግሯን በሥራ ጨረሰችው፤ ለሰውነት ብሩሽና ሳሙና ሰጠችው፣ እግሩን አስታጠበችውና ወደ በሩ ጠቆመችው። ሙሽራው ኮቴውን አንድ በአንድ እየፈገፈገ፣ ተንበርክኮ፣ ወደ ሶፋው ተመለሰ። መልኩ ቀነሰ እንጂ አለቀቀም። ወይዘሮ አማረች እንግዳ ሲመጣ ሶፋውን ወደዚያ እንገፋዋለን አለች።

አቶ ፋንታው ጎረቤት ልከው ጠላ አስመጡ። ጋኑ ያው የራሳቸው ጋን ነበር፤ በእንግድነት ተመለሰ። ወሬው ረዘመ፣ ሚኒባስ አመለጠን፣ እዚያው እደሩ ተባልን።

ሁሉም መኝታው ሲነጠፍለት የእኔ ሐሳብ ደጅ ካለው ጫማ ጋር ነበር። ሰውነት ሌላ ጫማ አልያዘም፤ ጅብ ደግሞ ቆዳ ይወዳል፣ ታጥኖ የቀረበለትን እንዴት ያልፈዋል? ነገ በባዶ እግሩ ሐሙሲት መናኸሪያ ሲቆም ታየኝ። ለፍቅርተ በቀስታ ነገርኳት። ጫማ ውስጥ አያድርም፣ ደንብ ነው አለችኝ። ከዚህ በላይ ብናገር ምራቴ ሳትሆን ልትጠላኝ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ቁልፉን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ገፋ አድርጋ ዘጋችው፣ እጇን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ከዚያ መልሳ ከፈተችው። ከመደርደሪያው የሰውነትን ጫማ ብቻ አነሣች፤ ፌስታል ውስጥ ከተተችው፣ አፉን ቋጠረችው፣ በሌላ ፌስታል ደግማ ቋጠረችው። የእኔንና የሙላቴን ለጅቡ ትታ፣ ፌስታሉን እጇ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩን ቆለፈችው።