የዲንቄ መቀርቀሪያ

ቀበና ወንዝ አጠገብ፣ ጡረታ በወጡት ዳኛ በጋሽ ማቲዎስ ሳሎን፣ በየወሩ አንድ መጽሐፍ ችሎት ይቀርባል። የንባብ ማኅበሩ ሙግት እንደ ጥንቱ ነው፤ ጠያቂው ተነሥቶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ተጠያቂውም «ልጠየቅ!» ሳይል አፉን አይከፍትም። በማር መወራረድም አልቀረም።

የዕለቱ መጽሐፍ አንድ የቆየ ልብ ወለድ ነበር፤ ክርክሩም ከገጸ ባሕርያቱ በእውነት ነጻ የወጣው ማን ነው የሚል። እያንዳንዱ የሚሟገትለት በዕጣ ሲለይ ለሚኒባስ ሹፌሩ ለጌድዮን ከአባቱ ርስት የኮበለለው የባላባት ልጅ ደረሰው። ለጵርስቅላ ሽፍታው። ለሶሬቲ ግን ነጻነቷ ከታወጀ በኋላ እንኳ ከመንደሩ ያልወጣችው አገልጋይ ደረሰቻት፤ ፊቷ ተቀያየረ።

ወዳ አይደለም። እናቷ ወይዘሮ ዲንቄ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የካ ተራራው ሥር ካለው ቤታቸው ውስጥ ባለፈው ሰሞን ወድቀው፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር ጎረቤት መቀርቀሪያውን ገንጥሎ ነው የደረሰላቸው። ሶሬቲ ያን ጊዜ ወሰን ሰፈር ወዳለው የራሷ ቤት ወሰደቻቸው። አሁን ጠቅልለው እንዲቀሩላት ትፈልጋለች፤ የተገነጠለው መቀርቀሪያም እንዲሠራ አልፈቀደችም። እሳቸው «ቤቴ» ይላሉ፤ እሷ «ብቻሽን ብትሞችስ?» ትላለች።

ጌድዮን ተነሣ። ለእሱ የዓለም ነገር ሁሉ መፍትሔው መንገድ ነው። «ተጠየቂ! መሄድ እየቻለች የተቀመጠች ሴት ምኗ ነጻ ነው?»

ጵርስቅላም «የእኔ ሽፍታ አዛዥ የለበትም፤ ከዚህ በላይ ነጻነት አለ?» ስትል አከለችበት።

«ልጠየቅ!» አለች ሶሬቲ። አጀማመሯ ለደንቡ ያህል ነበር። እየተናገረች ስትሄድ ግን ያቺ ሴት ፊቷ ድቅን አለች።

«ዕድሜዋን ሙሉ በር በሌለው ማድ ቤት ነው የተኛችው። ያሻው ይገባል፣ ያሻው ይወጣል። ነጻ ስትወጣ መጀመሪያ ምን አደረገች? ጎጆ ቀልሳ፣ በሩ ላይ ከውስጥ መቀርቀሪያ አበጀች! የባላባቱ ልጅ በሩን ጥሎ ሄደ፤ ሽፍታውም በር የለው። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የምትል እሷ ብቻ ናት። ያን መቀርቀሪያ የሚነጥቃት መልሶ ባሪያ ያደርጋታል!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ማቲዎስ «ሶሬቲ ረትታለች፤ ማሩ የእሷ ነው» ብለው ፈረዱ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወይዘሮ ዲንቄ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና ነጠላቸውን አጣፉ።

«ተጠየቂ!»

ሶሬቲ ክው አለች። «ልጠየቅ፣ እማዬ።»

«የእኔን መቀርቀሪያ ጎረቤቶቼ ገነጠሉት። ለነፍሴ ብለው ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ተመልሶ እንዳይሠራ የከለከለውስ ማን ነው?»

ሶሬቲ እናቷን አየቻቸው። አባቷ ሲሞቱ ያን ቤት ጭቃውን በእጃቸው እየመረጉ ያቆሙት፣ ሰው ፊት ግን ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ዛሬ ችሎት ቆመዋል። በእናቷ ኮራች፤ በራሷ አፈረች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ረትተሽኛል።»

በማግስቱ ሶሬቲ አዲስ መቀርቀሪያ ገዝታ፣ አናጢ ይዛ፣ እናቷን ወደ የካ አወጣቻቸው። አናጢው መትቶ ሲጨርስ ወይዘሮ ዲንቄ ገብተው በሩን ዘጉ። ሶሬቲ ደጅ ቆማ ብረቱ ሲቀረቀር ሰማች። ጥቂት ቆይቶ የእናቷ ድምፅ ከውስጥ መጣ፦

«በይ አንኳኪ፤ እኔው እከፍትልሻለሁ።»