የቆላ ወተት

ወይዘሮ በለጡ ከደደር ሐረር የሄዱት ቅዳሜንና እሁድን ልጆቻቸው ዘንድ አሳልፈው ሊመለሱ ነበር። ይህ ለጎረቤት የተነገረው ነው። ለራሳቸው የነገሩት ግን ሌላ ነው፤ ኑሮው ከተመቻቸው ሊቀሩ ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የደደሩ ቤት ሰፍቷቸዋል። ማታ በሩን ዘግተው ሲቀመጡ የሚያናግራቸው ቢጠፋ ጣራውን የሚመታውን ዝናብ "እሺ፣ ሰማን እኮ!" ማለት ጀምረዋል። ልጆቹ፣ እንደሻውና እህቱ የሺ፣ "ይምጡና አብረን እንኑር" እያሉ ባገኙት መንገደኛ ሁሉ ልከውባቸዋል። ወይዘሮ በለጡ ልባቸው የተነሣው በመጀመሪያው መልእክት ነው፤ ነገር ግን አንዲት የተከበረች ባልቴት ስትጠራ እመር ብላ አትነሣምና "እስቲ ላስብበት" ሲሉ ከረሙ። በመጨረሻም "አይቼው ልወስን" ብለው ተሳፈሩ።

ክፋቱ የተሳፈሩበት ጊዜ ነው። ፍልሰታ ገብቷል።

በወይዘሮ በለጡ ደብር ጾም መግባት አለመግባቱን ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ ከመቁጠር የእሳቸውን ፊት ማየት ይቀላል ይባል ነበር። ልጆቻቸውንም ያሳደጉት በዚሁ ፊት ነው። እንደሻው ገና ጥርሱን ሳይቀይር አንድ ዓርብ ጣቱን ቅቤ ቅል ውስጥ ሲከት ይዘውት ጉልበቱ እስኪላጥ አሰግደውታል። ልጁ ዛሬ ኮትና ክራባት ያለው የመንግሥት ጸሐፊ ቢሆንም ቅቤ ሲያይ አሁንም ዘወር ብሎ ሰው መኖር አለመኖሩን ያያል።

እኚሁ ሴት ታዲያ ዘንድሮ ጨጓራቸው ከዳቸው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ "ወተት ይጠጡ፤ አለዚያ ይቆስላል" አላቸው።

"ፍልሰታ ሊገባ ነው እኮ፣ ልጄ።"

"ጨጓራ ፍልሰታ አያውቅም፣ እማማ።"

የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ጊዮርጊስም ጺማቸውን ሲዳብሱ ቆይተው፣ "እንግዲህ እንደ መድኃኒት ጠጪ፤ ግን በስውር ይሁን፤ ደካሞችን ታሰናክያለሽ" ብለው ፈቀዱ። ወይዘሮ በለጡ ደደር ላይ መስኮት ዘግተው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ በገዛ ላማቸው ወተት እንደ ሌባ ሲሸማቀቁ ሰነበቱ። ሐረር ሲመጡ ግን ቁርጥ አደረጉ። ባሳደግኋቸው ልጆቼ ፊት ወተት ከምጠጣ ጨጓራዬ ይበጠስ አሉ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሸዋ በር ላይ ከአውቶቡስ ሲወርዱ የሺ ጃንጥላ ይዛ ትጠብቃቸው ነበር። በጀጎል መተላለፊያዎች ሲያልፉ መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ አህያ በመጣ ቁጥር ጃንጥላውን እያጠፉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ልጆቹ የተከራዩት ዘይነባ ከምትባል የሐረሪ ባልቴት ግቢ ውስጥ ነው። ዘይነባ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀበለቻቸው።

"እንኳን ደህና መጣሽ፣ የየሺ እናት! ግቢ፣ ግቢ፣ ዝናቡ ገደለሽ!"

ወይዘሮ በለጡ በዕድሜያቸው እንግዳ ሰው "አንቺ" ብሏቸው ስለማያውቅ ክው አሉ። የሺ ጠጋ ብላ፣ "ሐረር እንዲህ ነው፣ እማዬ። እርስዎ ያላትን ተከራይ ምን አስቀየምኩህ ብላ ትጣላዋለች" አለቻቸው።

ቤቱ አማራቸው። ካማራቸውም በላይ አስደነገጣቸው፤ የቅድስናው ብዛት! ግድግዳው ላይ ሥዕለ ማርያም፣ ጠረጴዛው ላይ ዳዊት፣ ዳዊቱ ላይ መቁጠሪያ። ጓዳ ገብተው አሸተቱ፤ የቅቤ ጠረን ቀርቶ የቅቤ ትዝታ እንኳ የለም። መደርደሪያው ታጥቦ፣ ታሽቶ፣ ሽሮና የኑግ ዘይት ብቻ ቆመውበታል። እራት ሲቀርብ እንደሻው ተነሥቶ አባታችን ሆይን ደገመ፤ መሐሉ ላይ ሲጠፋበት ትንሽ አስሎ ወደ መጨረሻው ተሻገረ።

"በየዕለቱ እንዲህ ነው የምትጸልዩት?" አሉ።

"ምን አማራጭ አለን፣ እማዬ?" አለ እንደሻው።

"ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቁርስ ጠዋት አቀርባለሁ" ልትል የጀመረችውን የሺን ወንድሟ በዓይኑ አቋረጣት። "ምን ቁርስ? በፍልሰታ ቅዳሜም ቢሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፋችን አይዞርም!"

ወይዘሮ በለጡ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት ይጾማል እንጂ እስከ ዘጠኝ እህል ሳይቀምሱ መዋል እንደማይገባ የደደር ሕፃን ያውቀዋል። ግን ማን ያውቃል፣ ሐረር የተማረ ሰው አገር ነው፤ መጽሐፍ ገልጠው ያገኙት ሥርዓት ይሆናል። "አይገባም" ቢሉ ሆዳቸውን የፈቀዱ ሊመስሉ ነው። ዝም አሉ። ጨጓራቸው ግን ዝም አላለም።

በማግስቱ እንደሻው ለግማሽ ቀን መሥሪያ ቤት ሄደ፤ የሺም ገበያ ወጣች። ወይዘሮ በለጡ ግቢው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲወዛወዙ ዘይነባ አየቻቸው።

"ምን ሆነሻል አቦ? ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል!"

"ደህና ነኝ።"

"ወላሂ ደህና አይደለሽም።"

ለሥጋ ዘመድ የማይነገር ነገር አንዳንዴ ለባዕድ ይቀላል። ወይዘሮ በለጡ ግራ ቀኝ አይተው፣ ጨጓራውንም፣ ድሬሰሩንም፣ የአባን ፈቃድም አንድ በአንድ ዘረገፉላት። "ልጆቼ እንዳይሰሙ ብቻ" አሉ። "እነሱ እንደምታዪያቸው መናኞች ናቸው። ቅስማቸው ይሰበራል።"

"መናኞች" አለች ዘይነባ። ሻሿን ወደ አፏ ስባ ሳል የሚመስል ነገር አሳለች። "አዎ፣ ልጆችሽስ… ማሻአላህ። ነይ በይ፤ እኔ ቤት ወተት አይጠፋም። አሁን ከኤረር በር የመጣ አለ፤ የቆላ ነው። ለጨጓራ ፍቱን ነው።"

"የቆላም ይሁን የደጋ፣ ብቻ ወተት ይሁን።"

ከትልቁ መደብ ጀርባ ካለችው ጓዳ አስገብታ በኩባያ ሞልታ ሰጠቻቸው። ወተቱ ቀጠን ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ነው። ወይዘሮ በለጡ የቆላ ሣር ጨዋማ ይሆናል ብለው በልባቸው እየመረመሩ ኩባያውን ባዶ አደረጉት። ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ቀሏቸው አያውቅም።

ማታ እንደሻው ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። "እንግዲህ እማዬ፣ ቤቱን አዩት። ምን አሰቡ?"

የሺ ዓይኗን ሽሯዋ ላይ ተክላ ትጠብቃለች።

ወይዘሮ በለጡ ቀኑን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱት ውለዋል። በዚህ ቤት በየጾሙ እየተሰወሩ ወተት መስረቅ፣ በእነዚህ መላእክት መሐል ብቸኛዋ ኃጢአተኛ ሆኖ መኖር! አንድ ቀን ይዘዋቸው ቢያዝኑባቸውስ? የልጅ ሐዘኔታ ከባዶ ቤት ይከብዳል።

"ልጆቼ፣ ብርዱ አልተስማማኝም" አሉ። ደደር ከሐረር ይበርዳል። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። "ነገ ልመለስ።"

የሺ ሳህኑን አንሥታ ወጣች፤ ሳህን ለማጠብ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። እንደሻውም ተከትሏት ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ከውጭ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እህቱን ሲቆጣት ተሰማ፤ "ነግሬሽ ነበር! የማታውን ስግደት ስላልሰገድን ነው የታዘቡን!" ወይዘሮ በለጡ ይህን ሲሰሙ ይባስ አንገታቸውን ደፉ። ስግደትም አለ!

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጓዛቸው ታሰረ። እንደሻው "ለአውቶቡሱ ቦታ ልያዝ" ብሎ ወጣ፤ የሺ ስንቅ ትቋጥራለች። ወይዘሮ በለጡ "ዘይነባን ልሰናበታት" ብለው ወደዚያችው ጓዳ ገቡ። መንገዱ ሩቅ ነውና ዘይነባ ኩባያውን እስከ አፉ ሞላችላቸው። ግማሹን እንደጠጡ ከውጭ በር ላይ ኮቴ ተሰማ።

"እትዬ ዘይነባ! ድረሽልኝ!" የእንደሻው ድምፅ ነው። "ያችን ቋንጣ አውጪልኝ፤ ሞቻለሁ!"

ዘይነባ ወደ ጓዳው እያየች ዓይኗን ታንከባልላለች። "አሁን አይመችም፣ አንተ! ሂድ፣ ኋላ ና!"

"ኋላ ቋንጣውም እኔም አንኖርም። ከዓርብ ጀምሮ ሽሮ በሽሮ ሆኜ አንጀቴ ከጀርባዬ ተጣበቀ። ዘንቢሉ የት ነው? ቅቤው ሥር አይደል ያስቀመጥሽው?" ሲጎረጉር ይሰማል። "ይኼ እንቁላል ምነው ጎደለ?"

"እህትህን ጠይቃት።"

"የሺ? እኔ በረሃብ ስሞት?" አፉ ሞላ። ሲያኝክ ቆይቶ ድምፁ ወረደ። "እና ምን ፈየደ፣ እትዬ ዘይነባ። መነኩሴም ሆንን፣ አልበቃናቸውም። ሊሄዱ ነው። ብርድ ነው አሉን… ብርድ! እኛ ነን ያልተመቸናቸው።"

ወይዘሮ በለጡ ኩባያውን ማስቀመጥ ረስተው ከጓዳው ብቅ አሉ።

"እንደሻው!"

ልጁ ቋንጣውን እንደነከሰ ደረቀ። እናት ልጇን በፍልሰታ፣ በእስላም ቤት ሥጋ በአፉ ሞልቶ ስትይዘው ሁለት ጥያቄ ይመጣባታል። ቀድሞ የመጣው ግን ስለ ጾሙ አልነበረም።

"የማን ሥጋ ነው?"

"የክርስቲያን ነው!" አለ፣ ዋጥ አድርጎ። "በማርያም፣ እማዬ፣ የክርስቲያን ነው! የሐምሌ ቋንጣ ነው፤ የሺ ናት የሰቀለችው። እርስዎ እንዳያዩት ብለን ነው እዚህ የደበቅነው።"

"ተመስገን" አሉ ወይዘሮ በለጡ፤ ወዲያው ግን ተመስገን ማለታቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው። ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ የልጃቸው ዓይን ኩባያው ላይ፣ ከኩባያው ወደ ላይኛው ከንፈራቸው ነጭ መስመር ሲሄድ አዩ።

"እርስዎስ?"

"ይኼ… መድኃኒት ነው። አባ ወልደ ጊዮርጊስ ፈቅደውልኛል።" ከዚያም የጨጓራውን ነገር ነገሩት።

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ለማን ልንገር? ቅዳሜን እስከ ዘጠኝ ለሚጾም ባሕታዊ?"

"አይጾምም እንዴ?"

"የት አድገህ ነው አንተ! ከኦሪት ጀምሮ አይጾምም!"

እንደሻው ቋንጣውን እንደያዘ መሳቅ ጀመረ። ወይዘሮ በለጡም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ዘይነባ እፎይ ብላ እጇን አጨበጨበች።

"አልሐምዱሊላህ! ሁለት ቀን ሙሉ ምስጢራችሁን ይዤ ልፈነዳ ነበር። ደግሞ ወተቱ እንዴት ተስማማት መሰላችሁ! እኔ ድሮም እላለሁ፣ ለጨጓራ የግመል ወተትን የሚያህል የለም።"

ሳቁ ተቋረጠ።

"የምን አልሽ?" አሉ ወይዘሮ በለጡ።

"የግመል። የቆላ ነው አላልኩሽም?"

"የቆላ ላም መስሎኝ!"

"ያ ረቢ! ሐረር ውስጥ የቆላ ወተት ብሎ ላም የሚያስብ ሰው ገና ዛሬ አየሁ! ክርስቲያኖቹ ለሳል ሲወስዱ እንዳያፍሩ ብለን ነው እኮ በስሙ የማንጠራው። ወላሂ፣ የምታውቂ መስሎኝ ነው!"

ወይዘሮ በለጡ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። አባ የፈቀዱት ወተት ነው፤ ግመል የሚባል ነገር በፈቃዱ ውስጥ አልነበረም። ግመል ደግሞ ከጾም መሻር ጋር አይነጻጸርም፤ ከሃይማኖት እንደ መውጣት ነው። እኚያ ስንቱን ያሰገዱ ሴት፣ በፍልሰታ፣ ያውም ተስማምቷቸው፣ ያውም ሁለት ቀን!

እንደሻው አሁን ቢስቅ ማን ይፈርድበታል? ከልጅነቱ ጀምሮ የተላጠ ጉልበት አለበት። ነገር ግን እናቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው፣ "አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው?" ሲሉ ሰማ። ዛሬ በዚህ ሐፍረት ከሄዱ ዳግመኛ እንደማይመጡ ገባው። ቋንጣውን አስቀመጠ። ከእጃቸው ኩባያውን ወሰደና የቀረውን ወተት ግጥም አድርጎ ጠጣው።

"ምን ሆነሃል! አንተንም ጨጓራ ያምሃል?"

"አያመኝም።"

"ታዲያ ምን ነካህ?"

"ብቻሽን ንስሐ እንዳትገቢ ብዬ ነው" አለ። ክፉና ደጉን ከለየ ጀምሮ "አንቺ" ብሏቸው አያውቅም። እሳቸውም ሰምተዋል፤ ነገር ግን ክው አላሉም።

ይህን ጊዜ የሺ በሩን ገፋ አድርጋ፣ "እትዬ ዘይነባ፣ አንዲት እንቁላል ቶሎ…" እያለች ገባችና ሦስቱን አይታ ግድግዳውን ተደገፈች።

"ግቢ፣ ግቢ" አሉ ወይዘሮ በለጡ፣ ከነጠላቸው ውስጥ። "አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።" ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሺ የሚያለቅሱ መስሏት ሮጣ አቀፈቻቸው፤ ነጠላውን ገልጣ ስታይ ግን እንባ በእንባ ሆነው የሚስቁ ናቸው።

ሳቁ ሲበርድላቸው ወይዘሮ በለጡ ከንፈራቸውን ጠርገው ኮስተር አሉ።

"እንግዲህ ደደር አልመለስም" አሉ። "አባ ወልደ ጊዮርጊስ ፊት ቆሜ ግመል ጠጣሁ ከምል አገር ብቀይር ይሻለኛል። እዚህ ደህና ንስሐ አባት ይፈለግልኝ። ስማ እንደሻው፣ ጠና ያሉ፣ ቁጣ የማያበዙ ይሁኑ።" ትንሽ አሰቡና ወደ ዘይነባ ዞሩ። "ለመሆኑ የሐረር ካህናት ይህን የግመል ነገር ለምደውት ይሆን?"

ዘይነባ ለሳል ከሚወስዱት መሐል ቄሶቹን ልትቆጥር አፏን ከፈተች፤ ሁለቱን ልጆች አየች፤ መልሳ ዘጋችው።

እንደሻው የእናቱን ጓዝ ሊፈታ ወጣ።