ስስ ፊደል

መሮው ከመስመሩ ስቶ ሲንሸራተት ድንጋይ ጠራቢው ሞረድ ተሳደበ። የተሳደበው ድንጋዩን አይደለም፤ ድንጋይ ምን በወጣው! የተሳደበው ድንጋዩ የሚቆምለትን ሰው ነው፤ ታላቅ ወንድሙን።

“በጠዋቱ አፍህን አታበላሽ” አለች እናቱ፣ የሥራ ቤቱ በር ሥር ዱካዋ ላይ እንደተቀመጠች። “የሞተ ሰው አይሰደብም።”

“አልሰማኝም፣ አይዞሽ።”

“እኔ ሰምቼሃለሁ። እኔ አልሞትኩም።”

ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ግን የዓይኗንም ድርሻ ወስዷል፤ የመዶሻውን ድምፅ ሰምታ ለስላሳ ድንጋይ ይሁን ጠንካራ ትለያለች። ሞረድ ያሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ አንድም መሮ ሲስል ስለሚውል፣ አንድም ምላሱ የነካውን ሁሉ ስለሚፍቅ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በመቃብር ድንጋይ ላይ ፊደል ቀርጿል። የባለጠጋም የድሃም፣ የደግም የክፉም ስም በእጁ አልፏል፤ አንዱንም ተሳስቶ ወይም ስስ አድርጎ ቀርጾ አያውቅም። እስከዚህ ሳምንት ድረስ።

ነገሩ የቆየ ነው። አባታቸው ሁለቱን ማስተማር ስላልቻለ ታላቅየው ትምህርቱን እንዲቀጥል አድርጎ፣ ታናሽየውን ከአራተኛ ክፍል አውጥቶ ወደ ድንጋይ ካባ ላከው። ይሁን፤ ያ የድህነት ፍርድ ነው። ያልተዋጠለት ሌላ ነው። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ሦስት እሑድ ሙሉ ደክሞ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለወንድሙ ጻፈ። ወንድሙ ያን ጊዜ አዲስ መምህር ነበር። ደብዳቤው በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ከላይ እስከ ታች በቀይ ታርሞ፣ ከግርጌው “ከዐሥር አራት” ተብሎ። ምናልባት ቀልድ ነበር። ሞረድ ግን አልሳቀም፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አልሳቀም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከሁለት ወር በፊት መምህሩ ታመመና አስጠራው። “ሥራ ይዣለሁ በሉት” አለ ሞረድ። እንደገና አስጠራው። “እርማት ካለበት በወረቀት ይላክልኝ።” ሦስተኛው መልእክተኛ ከተመለሰ በኋላ መምህሩ ሞተ።

ከዚያ የመምህሩ ሚስት መጣች። በባሏ እጅ የተጻፈ ወረቀት ይዛ፣ “ድንጋዩ ላይ ይህ እንዲቀረጽለት መርጦ ነው የሞተው። የሚቀርጸውም አንተ እንድትሆን” አለችው። ሞረድ እሺ አለ። እሺ ያለበትን ምክንያት ግን ለራሱ ብቻ ያዘው።

በሙያው አንድ ተንኮል አለ፤ እሱ ራሱ “ስስ ፊደል” ይለዋል። ፊደሉን የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ፍቀህ ጥቁር ቀለም ከሞላህበት፣ ለሚያየው ሰው ጉድጓድ ይመስላል። ሰባት ስምንት ክረምት ሲያልፍ ቀለሙ ይለቃል፣ ዝናቡ ፊደሉን ይልሰዋል፣ ድንጋዩ እንደ መላጣ ራስ ባዶውን ይቀራል። የእጁን ሥራ የሚያከብር ጠራቢ አያደርገውም። ሞረድ ግን መምህሩን በዓይነ ሕሊናው አየው፤ ባለበት ሆኖ፣ ከላይም ይሁን ከታች፣ የስሙ ፊደል አንድ በአንድ ሲጠፋ እያየ ሲቃጠል። ማረሚያ እንኳ የለው!

በእርሳስ ያሰመረውን ክንዱ እንዳይፍቅበት ከታች ወደ ላይ ነው የሚቀርጸው። ስሙን ከግርጌ ጀምሮ ስስ አድርጎ ፋቀ፤ ከስሙ በላይ ሁለት መስመር ፋቀ። የላይኛው መስመር ብቻ ቀርቷል። ምን እንደሚል አላስተዋለም። ፊደል እንጂ ቃል አያነብም፤ “የሚያነብ ጠራቢ ያለቅሳል፤ የሚያለቅስ ጠራቢ ደግሞ መስመር አይታየውም” ይላል።

“ጨረስክ?” አለች እናቱ።

“አንድ መስመር ቀረኝ።”

“ምን ይላል?”

“እኔን ትጠይቂኛለሽ? ከዐሥር አራት ያመጣሁትን?”

“ተው አንተ ልጅ፣ ያን ወረቀት ተወው! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ።” ዱካዋን ወደ እሱ ሳበች። “አንብብልኝ። ጎረቤታችን ‘ልጅሽ ከላይ ሆኖ ያያችኋል፤ ከወንድሙ ሳይታረቅ በመሄዱ ያለቅሳል’ ካለችኝ ወዲህ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። ቆርሼ ላፌ ሳደርገው ልቅሶው ይሰማኛል።”

ሞረድ መሮውን አስቀመጠ። ጣቱን የላይኛው መስመር ላይ አድርጎ እንደ ልጅ እየቆጠረ አነበበላት።

“ሙታን... ምንም... አያውቁም።” ጣቱ ወረደ። “ፍቅራቸውም ጥላቸውም ቅናታቸውም አብሮ ጠፍቷል።” ጣቱ እንደገና ወረደ። “በመቃብር ያሉት ሁሉ ድምፁን የሚሰሙበት ሰዓት ይመጣል።”

“ይኸ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው” አለች እናቱ።

“ከዚያው ነው። ወረቀቱ ግርጌ ጽፎታል።”

“ምንም አያውቁም? ምንም?”

“ምንም ነው የሚለው።”

“እኔንም አያየኝም?”

“አያይሽም፣ እማዬ።”

“እያለቀሰም አይደለም?”

“ምንም የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል?”

አሮጊቷ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ መታ አድርጋ “ታዲያ ተኝቷል በለኛ!” አለች። “ጌታስ ወዳጁ የሞተ ጊዜ ‘ተኝቷል፤ ሄጄ ላስነሣው’ አይደል ያለው? ስንት ዘመን ሰማሁት፤ ማጽናኛ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ልጄ ተኝቷል! እሱ ደግሞ እንቅልፍ ሲይዘው፣ እንኳን ልቅሶ ጣራ ቢወድቅ አይሰማም ነበር። እንትን... ዳቦ አለ?”

ሞረድ ዳቦ ቆርሶ ሰጣት። በላች። ከሁለት ወር ወዲህ እንዲያ ስትበላ አላያትም።

ለእናቱ ዕረፍት የሆነው ቃል ግን ለእሱ ዱብ ዕዳ ሆነበት። ማን ነው ታዲያ የሚቃጠለው? ማን ነው ስሙ ሲጠፋ የሚያየው? ሠላሳ ስድስት ዓመት ገመዱን ይዞ ሲጎትት ኖሯል፤ ለካ በዚያኛው ጫፍ ያለው እጅ ለቆታል። በቀዩ ቀለም የሚቃጠል፣ “ከዐሥር አራት”ን ያልለቀቀ፣ ከፀሐይ በታች እሱ ብቻውን ቀርቷል። እርቅ ቢፈልግ እንኳ ወደ ማን ይሄዳል? ይቅርታው አይሰማም፤ ስድቡም አልተሰማም።

የላይኛውን መስመር ሊቀርጽ መሮውን አነሣ። እየቀረጸ ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይኑ ይመለሳል። ድምፁን ይሰማሉ። ሞረድ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሙታን ራስ ላይ መዶሻ መትቷል። የዘመመ ድንጋይ ሲያቃና፣ የጎደለ ዓመተ ምሕረት ሲሞላ፣ መቃብሩ ላይ ተንበርክኮ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀጠቅጥ ውሏል፤ አንድ ሰው እንኳ ከሥሩ አልተገላበጠም። መዳፉን ድንጋዩ ላይ ዘረጋ። ውፍረቱ አንድ ስንዝር፣ ከሥሩ የሰው ቁመት አፈር። ድንጋይን እንደ እሱ የሚያውቅ የለም፤ ብረት የሚመልስ፣ እሳት የማይበላው፣ ክረምት የሚሰለችበት። እና አንድ ድምፅ ይህን ሁሉ አልፎ የተኛ ሰው ጆሮ ይገባል? ዝናብ የላሰውን ስም ሁሉ አስታውሶ፣ አንድም ሳይዘል ይጠራል? መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፤ ጮክ ብሎ መምታት ድፍረት መሰለው።

ድንጋዩን የሚወስደው መኪና ከሰዓት በኋላ መጣ። የመምህሩ ሚስት ከጋቢናው ወረደች። ሾፌሩ ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር ዘለለና፣ “ጋሼ ሞረድ፣ ዛሬ ማንን ሲፍቁ ዋሉ?” አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን ሾፌሩን ራሱን ይፍቀው ነበር። ዛሬ “ግቡ” ብቻ አለ።

ሴትየዋ ድንጋዩ ፊት ቆመች። “ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ” አለች። ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አስኬደችና ቆመች። “የላይኛው መስመር ጣቴን ዋጠው። የታችኛው ምነው ልሙጥ ሆነ?”

ሞረድ ዞሮ አየ። እጁ ሳያማክረው የላይኛውን መስመር ጠልቆ ቀርጾታል። መልስ ሞልቶታል፤ ድንጋዩ ታች ላይ ይጠነክራል ቢላት ታምነዋለች። እሱ ግን፣ “እትዬ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለ?” ብሎ ጠየቃት።

“መቼ?”

“ሊሞት ሲል።”

“ሦስተኛው መልእክተኛ ባዶውን ሲመለስ ልነግረው አልደፈርኩም። ‘በሩን ገርበብ አድርጉት፤ እየመጣ ነው’ አለ። ከዚያ ዓይኑን ከደነ። በቃ፣ በዚያው ነው።”

ሞረድ የሚይዘው አጥቶ ድንጋዩን ያዘ። ጥላው ጠፍቷል፤ ቅናቱ ጠፍቷል። ለተኛ ሰው ደግሞ ዓመት የለም። መቶም ይሁን ሺህ ክረምት ይለፍ፣ ለመምህሩ ዓይኑን ከድኖ እንደ መግለጥ ነው። ያ ድምፅ ሲጠራው፣ ገና አሁን እንደተኛ ሰው፣ ቀና ብሎ በሩን ነው የሚያየው። ወንድሙን እየጠበቀ ነው የሚነሣው።

“ጋሼ፣ እንጫነው?” አለ ሾፌሩ። ተሸካሚዎቹ ድንጋዩን ከግራና ከቀኝ ይዘዋል።

“ልቀቁት።”

“መንገድ ይዘጋብናል እኮ!”

“ልቀቁት አልኩ። ዛሬ አይሄድም።” ወደ ሴትየዋ ዞረ። እናቱ ከበሩ ሥር ጆሮዋን አቅንታለች፤ እንድትሰማም ድምፁን ከፍ አደረገ። “እትዬ፣ ድንጋዩ ምንም አልሆነም። ስሙ ቶሎ እንዲጠፋ ብዬ እኔ ነኝ ያሳሳሁት። ሆን ብዬ ነው። ጠልቄ ልቅረጸው፤ አንድ ሳምንት ስጪኝ።”