ራዶስቲና ያጠፋችው ኮንቴይነር

ፕሎቭዲቭ ከተማ ያለው የራዶስቲና መሥሪያ ቤት የሆስፒታሎችን የላቦራቶሪ ውጤት ለታካሚዎች የሚያደርሱ ፕሮግራሞችን ይጠብቃል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ኮንቴይነር በሚሉት የየራሱ ሳጥን ውስጥ ይሠራል። አንዱ ሲታመም ማስታመም ብሎ ነገር የለም፤ ያጠፉታል፣ በቦታው ያው ዓይነት ጤነኛ ይነሣል፣ ሥራ ይቀጥላል። ይህን ያስተማራት ጋሽ ኦግኒያን ነው፤ ገና አዲስ ሳለች አጠገቡ አስቀምጦ፣ ባኒጻ የሚሉትን አይብ ያለበት መጋገሪያውን እያካፈለ። «አትዘኝለት፤ አሁኑኑ ሌላ ይወለዳል» ይላት ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የመቆጣጠሪያው ስክሪን ቀላ። ውጤት የሚልከው ኮንቴይነር ያለ ልኩ ይለፋል፤ ለማን እንደሚለፋ ግን አይታወቅም። ራዶስቲና ምን ነካው ብላ አልጠየቀችም። አጠፋችው። አዲሱ ተነሣ፣ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፣ እሷም ምሳዋን ማሰብ ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ጉዱ ወጣ። ለካ ሌባ ገብቶ የታካሚዎችን ውጤት ሲቀዳ ኖሯል፣ ያውም በኦግኒያን የይለፍ ቃል። የመግቢያው መዝገብ የሚያሳየው የእሱን ስም ብቻ ነው። ሌባው ከገባ ወዲያ ያደረገው ሁሉ ወደ ውጭ እንዳይመዘገብ ዘግቶታል፤ ማንነቱን ሊናገር የሚችል ዱካ የነበረው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ደግሞ የለም። እንዲህ ያለውን ከመረቡ ነጥለው ያቆዩታል እንጂ እንደማያጠፉት እሷም አሳምራ ታውቃለች። ግን እጇ ቀደማት።

አለቃቸው ቬሊን ሁለቱንም አስጠራ። ኦግኒያንን ምርመራው እስኪያልቅ ባጁን አስረክቦ ቤቱ እንዲቀመጥ ነገረው። ኦግኒያን የይለፍ ቃሉ ተሰርቆበት ይሆናል እንጂ እሱ የነካው ነገር እንደሌለ ተናገረ። ራዶስቲና አላስችል አላት። ነጻ የሚያወጣውን ማስረጃ ያጠፋችው እሷ እንደሆነች፣ የሚቀጣ ካለ እሷ እንደሆነች ተናገረች።

ቬሊን ክፉ ሰው አይደለም።

«ነጻ እንደሚያወጣው በምን አወቅሽ?» አላት። «አይተሽዋል እንዴ?»

አላየችም።

ኮሪደር ላይ ይቅርታ ልትጠይቀው ስትጀምር ኦግኒያን በእጁ ከለከላት።

«ተዪው ራዲ። ያስተማርኩሽ እኔው አይደለሁ?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ አልመጣለትም። «ግን እኔም ልጠይቅሽ። ያ ሳጥን ቢገኝ ኖሮ ከውስጡ የማን ዱካ የሚወጣ ይመስልሻል?»

አንተ እንዳልሆንክማ አውቃለሁ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ስክሪኗ ላይ ያላየችውን አላምንም ስትል የኖረች ሰው ናት። የይለፍ ቃሉ የእሱ ነው። ስሙም የእሱ ነው። ይህን ማሰቧ ራሷን አሳፈራት፤ ቢሆንም አሰበችው።

«የሌባው ነዋ፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ።

ኦግኒያን ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። የተቆጣ አይመስልም።

«ሌላ ሰው ሲጠይቅሽ» አላት፣ «መልሱን እንዲህ ብዙ አታስቢበት፣ ልጄ።»

ሊፍቱን አልጠበቀም፤ በደረጃው ወረደ።