ሲጠሯት አቤት ማለቷ

ምንትዋብ አርጆ ጤና ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርታ ጡረታ ከወጣች በኋላ ነቀምቴ ገባች። በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ ሕሙማን ታያለች። ያሰማራት የበጎ ፈቃድ ማኅበር ውል አስፈርሟታል። በሙያዋ ወሰን ውስጥ እስከሠራች ድረስ ለሚደርሰው ነገር የሚጠየቀው ማኅበሩ ነው፤ ከወሰኑ ከወጣች ግን ራሷ ናት።

ጥቅምት ላይ ድንቅነሽ የሚባሉ ስኳር ያለባቸው ሴት የቆሰለ እግራቸውን ይዘው መጡ። ምንትዋብ ቁስሉን አጥባ ጠቀለለችላቸው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል እንዲሄዱም ሪፈር ጽፋ ሰጠቻቸው። አልሄዱም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ። ባጃጅ ነጂው ልጃቸው ዋጋሪ፣ ነርስ ሆና ሳለ ዶክተር ነኝ ብላ እናቴን አሳስታለች ሲል ለሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ አመለከተ። ይህ ከተረጋገጠ ውሉ አይሸፍናትም፤ የሙያ ፈቃዷም ይሰረዛል።

የማኅበሩ አስተባባሪ ሌሊሳ ግን ብዙም አልተጨነቀም። የሪፈሩ ቅጂ እጁ ላይ ነበር፤ ከግርጌው «ነርስ ምንትዋብ» ተብሎ ተፈርሞበታል።

«እትዬ፣ ወረቀቱን አሳይተው ዝም ይበሉ» አላት ወደ ኮሚቴው ስብሰባ ደረጃውን ሲወጡ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጤና መኮንኑ ኦቦ ሞረዳ ነበሩ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጡ ነጭ ጋዋናቸውን አላወለቁም። ዋጋሪ ቆመና ነገሩን ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አስረዳ። እናቱ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን መድኃኒት መስሏቸው ይሁን ሌላ፣ ትራሳቸው ሥር አኑረውት ነበር። ሆስፒታል እንሂድ ብሎ ቢለምናቸው፣ ዶክተሯ አይታኛለች፣ ሌላ ዶክተር ምን ያደርግልኛል ብለው እምቢ አሉ።

ሌሊሳ ቅጂውን አቀረበ። ሞረዳ ፊርማውን አይተው ይኸው ይበቃል አሉ። ለቃለ ጉባኤው ያህል ብቻ፣ ዶክተር ነኝ ብላ እንደሆነ ጠየቋት።

ምንትዋብ ትራስ ሥር ስላደረው ወረቀት እያሰበች ነበር።

«ነኝ አላልኩም» አለች። «ሲጠሩኝ ግን አቤት ብያለሁ።»

ሌሊሳ አንገቱን ደፋ። ጸሐፊዋ እንደ ተባለው ጻፈችው።

«ይኸው አመነች፣ ዶክተር» አለ ዋጋሪ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ።

«አቤት» አሉ ሞረዳ።

ጸሐፊዋ ብዕሯን አቆመች። ሞረዳ ዶክተር አለመሆናቸውን ከዋጋሪ በቀር ሁሉም ያውቃል። እሳቸውም ዘግይተው ነቁና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጤና መኮንን ነኝ» አሉት።

ዋጋሪ ጋዋናቸውን፣ ቀጥሎም ምንትዋብን አየ። «ታዲያ እኛ በምን እንወቅ?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ውሳኔው በሳምንቱ ደረሳት። የሠራችው በሙያዋ ወሰን ውስጥ ስለሆነ ፈቃዷ አይነካም፤ በውሉ መሠረት ድንቅነሽን የሚያሳክመው ማኅበሩ ነው። የማይገባትን ስም ሳታርም በመቅረቷ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ሌሊሳ ይግባኝ እንበል ቢላት አልፈለገችም።

በማግስቱ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ሱሪያቸውን ሰብስበው ያበጠ ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩዋትና «ዶክተር» አሏት።

«ዶክተር ሚቲ» አለች በኦሮምኛ፤ አይደለሁም ማለቷ ነው። «ነርስ ነኝ። ዶክተሩ ያለው ሆስፒታል ነው።»

ሽማግሌው ቅር አላቸው። ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ ይዘው ነበር። ታዲያ እዚህ ምን አስቀመጠኝ እያሉ ሱሪያቸውን አወረዱ። ምንትዋብ ሪፈሩን ጽፋ ሰጠቻቸው። ሳያመሰግኗት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ እያነከሱ ወጥተው ወደ ሆስፒታሉ የሚሄድ ባጃጅ አስቆሙ።